ቅዳሜን አጋሮ እደሩ

ጋሼ ጅማ ተወልደው ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን ቡና ሲመዝኑና ሲገዙ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው። የእህታቸው ልጅ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቿ ጋር ለቅዳሜና እሑድ ጅማ ልትሄድ አስባ፣ ዕቅዷን በወረቀት ጽፋ ይዛላቸው መጣች። ወረቀቱ እንደመጣ አልተመለሰም።

ልጅት፦ ጋሼ፣ ላንብብልዎትና አስተያየት ይስጡኝ። ዓርብ ከሥራ ወጥተን በመኪና እንነሳለን፣ ሌሊት ጅማ እንገባለን። ቅዳሜ ጠዋት የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ከሰዓት በኋላ አጋሮና ጮጬ፤ ማታ ጅማ ተመልሰን እናድራለን። እሑድ በጠዋት ቦንጋ ሄደን የቡና ሙዚየሙን እናያለን። ስንመለስ የበለቴን ደን አይተን፣ ምሳ ጅማ በልተን ወደ አዲስ አበባ። ጊዜ ከተረፈን ሊሙንም እናያለን።

ጋሼ፦ ይኼ ሽርሽር ነው ቅጣት?

ልጅት፦ ምነው ጋሼ? ሁሉም እዚያው አካባቢ አይደለም እንዴ?

ጋሼ፦ በካርታ ላይማ ሁሉም ጎረቤት ነው። እስቲ እንደምረው። ከዚህ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጅማ አጋሮ 45፣ ሊሙ ገነት 75፣ ቦንጋ 110 አካባቢ። ደርሶ መልሱን ስትደምሪው ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ሁለት ቀን ሙሉ አስፋልትና የመኪና መስተዋት አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ለዚያ ደግሞ ጅማ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ቀለበት መንገዱን መዞር ይበቃል።

ልጅት፦ እሺ፣ ምኑን ልሰርዝ?

ጋሼ፦ መጀመሪያ የሌሊቱን መንገድ። ወልቂጤን አልፈሽ ወደ ጊቤ ስትወርጂ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ የጭነት መኪና ይበዛበታል። እሱን ተሻግረሽ ዳገቱን ስትጨርሺ ገና ሰኮሩ ነሽ፤ አሰንዳቦና ሰርቦ ይቀሩሻል። በቀን እንኳ ሰባት ስምንት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ወይ በአውሮፕላን ሂዱ፤ በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ማረፊያውም እዚያው ከተማው አጠገብ ነው። ወይም ደግሞ ዓርብን ከመሥሪያ ቤት አስፈቅዳችሁ ጎህ ሲቀድ ውጡ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት በዚያ ከሚመላለስ ሾፌር ጠይቁ። የመንገድ ነገር ከሾፌር በላይ የሚያውቅ የለም።

ልጅት፦ በመኪና ከሆነ ምሳ የት እንብላ?

ጋሼ፦ ወልቂጤ ላይ ሆኖ ምሳ የት እንብላ የሚል ሰው አለ? ክትፎ ነዋ! በቆጮ፣ በአይቤና በጎመን። ለብለብ በሉ፣ ጥሬ ካልለመዳችሁ አትሞክሩት፤ ገና መንገድ ላይ ናችሁ። የሚነዳው ሰው ደግሞ እጁን ይሰብስብ። ከምሳ በኋላ የሚጠብቃችሁ የጊቤ ሙቀት ነው፤ ክትፎና የጊቤ ሙቀት ሲገናኙ እንቅልፍ ይወልዳሉ።

ልጅት፦ ዓርብ ማታ ጅማ ገባን እንበል። ሰው ሁሉ የሚያወራልን የሆቴል ስም ነው። እርስዎ የትኛውን ይላሉ?

ጋሼ፦ ለመኝታ ከሆነ ንጹሕ አንሶላና ውኃ ያለውን ምረጪ፤ እንደዚያ ያለ ጅማ ውስጥ ሞልቷል። ለምግብ ግን የሆቴል ሜኑ ይዘሽ አትቀመጪ። እዚያ የሚቀርብልሽ ክለብ ሳንድዊችና ሩዝ ቦሌም አለልሽ። ከተማው ውስጥ በእግርሽ ውጪ። ፈረንጅ አራዳ በሚባለው ሰፈር በኩል ብትሄጂ ጣሊያን የተዋቸውን ሕንጻዎች ታያለሽ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወረራው ጊዜ ጣሊያን ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አድርጓት ነበር። በኋላም በእኛ ጊዜ የከፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ እሷው ነበረች። አሁን የምታያት ከተማ የገበያና የተማሪ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው ስላለ ርካሽና ጥሩ ምግብ አይጠፋም። ተማሪ ተሰልፎ የሚበላበትን ቤት ካየሽ ግቢ።

ልጅት፦ እኔ የምፈልገው ሌላ ቦታ የማላገኘውን ነው።

ጋሼ፦ እንግዲያው ቆጭቆጫ ያለበትን ቤት ጠይቂ። አረንጓዴ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ኮረሪማ አንድ ላይ ይፈጫል። ኮረሪማው እዚያው ጫካ ውስጥ የበቀለ ስለሆነ ሽታው ሌላ ነው። በጥብስ ይበላል፣ በቂጣ ይበላል፣ በቆጮ ይበላል። መጀመሪያ በቁራሽ ቂጣ ጫፍ ነካ አድርገሽ ቅመሺው እንጂ እንደ ድልህ አትዛቂው፤ ዕንባሽን እየጠረግሽ ነው የምትጨርሺው። ጠዋት ደግሞ ኦሮሞው ማርቃ የሚለውን ገንፎ፣ መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ የተደረገበትን ብዪ። ወይ ጨጨብሳ በማር። ማሩ የጌራ ደን ማር ከሆነ ሌላው ሁሉ ይቅርብሽ።

ልጅት፦ ከእኛ አንዷ ሙስሊም ናት፤ ሁላችንም አንድ ላይ መብላት እንፈልጋለን።

ጋሼ፦ ለዚያማ ጅማን የመሰለ የለም። ሥጋ ቤቱም ምግብ ቤቱም የሙስሊምና የክርስቲያን ተብሎ የተለየ ነው፤ በር ላይ ምልክቱን ታያለሽ። ሳትጠይቂ አትግቢ እንጂ ምንም ችግር የለም። አብራችሁ ለመብላት ዓሣ፣ ሽሮ፣ ፉል፣ ገንፎ አለ። መጠጥም ብትሉ የሙስሊሙ ቤት ብርዝ ያቀርባል፤ ያልፈላ የማር ውኃ ነው፣ ሁሉም ይጠጣዋል። ዓርብ ቀትር ላይ ግን ለጁምዓ ሶላት ብዙ ሱቅ ስለሚዘጋ ያን ሰዓት ለዕቃ ግዢ አትያዙት። የጭማቂ ነገርም አትርሱ። አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ዘይቱኑ ከጓሮ የመጣ ነው። አዲስ አበባ ላይ አቮካዶ በሚዛን ነው የምትገዢው፤ እዚያ ዛፉ ሥር ወድቆ ታገኚዋለሽ።

ልጅት፦ ቡናውስ? ከሁሉ በላይ የምሄደው ለቡናው ነው። አንድ ጓደኛዬ ግን ጅማ ሄዳ፣ ባረፈችበት ሆቴል የጠጣችው ቡና ያረረ ውኃ ይመስል ነበር አለችኝ። እንዴት የቡና አገር ላይ መጥፎ ቡና ይጠጣል?

ጋሼ፦ ይኼን ጥያቄ ስንት ሰው ጠይቆኛል መሰለሽ! መልሱ ከሆቴሉ ቡና አፍይ ይልቅ ከሕጉ ይጀምራል። የውጭ ገበያ ደረጃ ያሟላ ቡና በአገር ውስጥ ገበያ እንዳይሸጥ ለረጅም ዓመታት በሕግ ታጥሮ ኖሯል። ጥሩው ተለቅሞ ለዶላር ይሄዳል፤ ለአገር ቤት ገበያ የሚወጣው የተረፈው፣ የተሰባበረው፣ ያልበሰለው ነው። ልብ በይ፣ ከአገራችን ቡና ግማሹን ገደማ የምንጠጣው እኛው ነን። ሆቴሉ የሚገዛው ከዚህ ገበያ ነው። ከዚያ ደግሞ ያከስለዋል። ማኪያቶ በወተትና በስኳር ሲሸፈን ማን ያውቅበታል?

ልጅት፦ ስለዚህ ጥሩው ቡና ጅማ ላይ የለም ማለት ነው?

ጋሼ፦ አለ እንጂ! ገበያ ያልወጣው ነው ጥሩው። ገበሬው ለቤቱ ብሎ ያስቀረው ቡና ነው። ቀዩን እሸት ከጓሮው ለቅሞ፣ ከነገለባው አድርቆ፣ ጀንፈሉን በጆንያ ቤቱ ያስቀምጣል። ሲያስፈልግ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይቆላል። እሱን ቡና ከሱቅ አታገኚውም። የምታገኚው ሰው ቤት፣ ወይም መንገድ ዳር ረከቦት ዘርግታ ከራሷ ዘመዶች ማሳ የመጣውን ከምታፈላ ሴት ዘንድ ነው። ስለዚህ ጅማ ላይ "ምርጥ ካፌ የት ነው?" አትበይ። "ቡናው የማን ማሳ ነው?" በይ። ይህንን ስትጠይቂ ቡና የምታፈላዋ ሴት ቀና ብላ ታይሻለች። ከዚያ በኋላ የምትቀዳልሽ ሌላ ነው።

ልጅት፦ በጨው የሚጠጡትም አሉ ሲሉ ሰምቻለሁ።

ጋሼ፦ ስኳር ሳይለመድ የቆየው ወግ እሱ ነው፤ ዛሬም ገጠር ስትወጪ ታገኚዋለሽ። ቅቤ ጠብ የሚያደርጉበትም አሉ። ከሁሉ የሚከብረው ግን ቡና ቀላ ነው። የደረቀውን ፍሬ ከነገለባው ጫፉን ይቆርጡትና በቅቤ ይጠብሱታል፤ እየታኘከ ይበላል። ምርቃትና ትልቅ እንግዳ ሲኖር ነው የሚቀርበው። ከቀረበልሽ ሁለቱን እጆችሽን ዘርግተሽ ተቀበዪ።

ልጅት፦ እሺ፣ አሁን ወደ ቅዳሜ እንምጣ። እኔ የጻፍኩት ጠዋት ጅሬን ያለው ቤተ መንግሥት፣ ከሰዓት በኋላ አጋሮ ነው።

ጋሼ፦ እሱን አልቃወምሽም። የምሰርዘው ማታ ጅማ ተመልሰን እናድራለን ያልሽውን ነው። አጋሮ እደሩ።

ልጅት፦ አጋሮ ማደር? ለአንድ ሰዓት መንገድ? ማደሪያውስ ደህና ነው?

ጋሼ፦ ማደሪያው ተራ ፔንሲዮን ነው፤ ሊፍትና የመዋኛ ገንዳ አትጠብቂ። ግን ስሚኝ። ወደ አጋሮ የሚሄድ እንግዳ ሁሉ ጠዋት ሄዶ እኩለ ቀን ላይ ይመለሳል። በዚያ ሰዓት የሚያየው ምንድን ነው? በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ብቻ። እሱንም ቀትር ላይ ፀሐዩ እንዳይሰነጥቀው ሸፍነውት ነው የሚያገኘው። ቡና የሚሠራው ማታ ነው። ለቃሚው ቀኑን ሙሉ ሲለቅም ውሎ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው እሸቱን ተሸክሞ የገበሬዎች ማኅበሩ ግቢ የሚደርሰው። አህያው፣ ሞተር ሳይክሉ፣ በራሷ የተሸከመችው፣ ሁሉም ሚዛኑ ፊት ይሰለፋል። በዚያ ሰዓት ነው ማየት ያለብሽ።

ልጅት፦ እስቲ ይንገሩኝ፣ ምን አያለሁ?

ጋሼ፦ እሸቱ ከመመዘኑ በፊት ሸራ ላይ ይፈስሳል። አረንጓዴና የጠቆረ ካለበት ባለቤቱ ራሱ ቁጭ ብሎ ይለቅማል። "ይኼኛውን መልስ" ሲባል የሚነሳው ክርክር ብቻውን ትያትር ነው። ከዚያ ውኃ ውስጥ ይገባል። ጥሩው ይሰጥማል፣ ባዶው ይንሳፈፋል፣ የተንሳፈፈው ይገፈፋል። ማሽኑ ይነሳል፤ ቀዩን ገለባና የሚያጣብቀውን ልሃጭ ገፎ ፍሬውን ይለቃል። ያን ገለባ ሽተሽ ታውቂያለሽ? የወይንና የማር ሽታ አለው። ፍሬው ንጹሕ ውኃ ውስጥ ያድርና ጠዋት ከእንጨትና ከሽቦ ወደተሠራው አልጋ ይወጣል። ማሽኑ እስከ ሌሊት ይሠራል። ጠዋት ደግሞ ፍሬው ገና እርጥብ ሳለ ሴቶቹ በአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው የተበላሸውን አንድ በአንድ ይለቅማሉ፤ ሲደርቅ ነቁ አይታይምና። ማታና ጠዋት ማለት ይኼ ነው። ጅማ ካደርሽ ሁለቱም ያመልጡሻል።

ልጅት፦ ግቡ ይሉናል? እኛ ቡና ነጋዴዎች አይደለንም።

ጋሼ፦ ዘው ብለሽ አትግቢ። የማኅበሩን ጽሕፈት ቤት ወይም አጋሮ ያለውን የከታ ሙዱጋ ዩኒየን አስቀድመሽ ጠይቂ። እንግዳ የለመዱ ናቸው፤ ፈረንጅ ገዢ ይመላለስባቸዋል። እዚያ አካባቢ ያለው ዱሮሚና የሚባለው የገበሬዎች ማኅበር ቡናው በ2004 ዓ.ም. በአህጉሩ ውድድር የአፍሪካ አንደኛ ተብሎለታል። ታሪኩን ማወቅ ያለብሽ ለዚህ ነው። በእኛ ጊዜ የጅማ ቡና ስሙ ሌላ ነበር። ዓለም የሚያውቀው "ጅማ 5" በሚባለው ደረጃ ነው፤ ያልታጠበ፣ አፈር አፈር የሚሸት፣ በዋጋው ዝቅ ያለ። ከይርጋ ጨፌ ስም ጋር ማን ያወዳድረዋል!

ልጅት፦ ዛፉ ነው የከፋው ወይስ አፈሩ?

ጋሼ፦ ሁለቱም አይደሉም! አያያዙ ነው። ቀዩም አረንጓዴውም ባንድነት ተሞልጮ ይለቀም ነበር፣ መሬት ላይ ይሰጣ ነበር፣ ዝናብ ይመታው ነበር። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ቴክኖሰርቭ የሚባል ድርጅት ገበሬዎቹ በማኅበር ሆነው ትንንሽ ማጠቢያ ማሽን እንዲተክሉ፣ ቀዩን ብቻ እንዲለቅሙ ረዳቸው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ያው ዛፍ፣ ያው አፈር፣ ያው ገበሬ የሽልማት ቡና አወጣ። እኔ ስንት ዓመት ያን ቡና በርካሽ ስመዝን ኖሬ ይኼን ስሰማ ደስታም ቁጭትም ነው የተሰማኝ።

ልጅት፦ ጋሼ፣ አይቆጡኝና ለጅማ እያደሉ ነው። ቦንጋን ጠቅልለው ሰረዙት። የቡና ሙዚየሙ እኮ ቦንጋ ነው፤ የከፋ ደንም ዩኔስኮ የመዘገበው ነው።

ጋሼ፦ አደላለሁ፤ አልዋሽሽም። ግን ቦንጋን የሰረዝኩት ስለማይረባ አይደለም፤ ለሦስት ሰዓት ጉብኝት ስለማይሆን ነው። የከፋ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ በ2002 ዓ.ም. ሲመዘገብ አብሮት የኢሉባቦሩ ያዩም ተመዝግቧል። በዚያ ጫካ ውስጥ የሚበቅለውን ቡና ማንም አልተከለውም። ያንን ለማየት በእግር ጫካ መግባት፣ አንድ ሌሊት ቦንጋ ማደር፣ ከፋዎች ከቡና ቅጠል የሚያፈሉትን ጨሞ መጠጣት ያስፈልጋል። ሮጠሽ ሙዚየሙ በር ላይ ፎቶ ተነስተሽ ብትመለሺ ከፋን አየሁ ትያለሽ?

ልጅት፦ እና የቡና መነሻ የትኛው ነው? ጮጬ ነው ወይስ ማንኪራ? እዚያ ሄጄ እንዳላፍር።

ጋሼ፦ የጅማ ሰው ከአጋሮ ወጣ ብሎ ያለውን ጮጬን ይልሻል፤ የከፋ ሰው ማንኪራን ይልሻል። ሁለቱም ዘንድ ቡናን አገኙ የሚባሉት ፍየሎቹና እረኛው አሉ። ሙዚየሙ ቦንጋ ሲሠራ ጅማ ላይ ስንት ሰው ተኮሳትሯል! እኔ የምልሽ ሳይንቲስቶቹ የሚሉትን ነው፤ የአረቢካ ቡና መነሻው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ዛፍ ደግሞ የወረዳ ድንበር አያውቅም። ጮጬ ስትሄጂ ጮጬ ነው በይ፣ ቦንጋ ስትሄጂ ማንኪራ ነው በይ፤ ሁለቱም ጋ ጥሩ ቡና ይፈላልሻል።

ልጅት፦ እንዲህ ከሆነ በመንገዱ ላይ የሚታይ ሌላ ነገር አለ?

ጋሼ፦ ከጅማ ወጣ እንዳልሽ መልኮ የሚባል ቦታ አለ፤ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ከመንገድ ላይ ሲያዩት ግቢና ዛፍ ነው፤ ሥራው ግን በአገሪቱ ሁሉ ጓሮ አለ። በ1963 ዓ.ም. ፍሬውን እያጠቆረ የሚያረግፍ የቡና በሽታ አገሪቱ ገባ። ማሳዎች ባዶ ሆኑ። የመልኮ ተመራማሪዎች ጫካ ለጫካ እየዞሩ በሽታው ያልደፈራቸውን ዛፎች ለዩ። ከእነዚያ የወጡት ዝርያዎች ዛሬም በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ 74110፣ 74112፣ 74158 ይባላሉ። 74 የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ነው። አዲስ አበባ ላይ "ጉጂ ነው፣ ሲዳማ ነው" ብለው በውድ የሚያስጠጡሽ ቡና ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱ ሊሆን ይችላል።

ልጅት፦ ይህንን ሳላውቅ በመኪና አልፌው ነበር የምሄደው!

ጋሼ፦ ለዚህ ነው ቀስ ብለሽ ሂጂ የምልሽ። በመና በኩል ስታልፊ ደግሞ ቡናው በሰሳ፣ በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ነው። ከሩቅ ስታዪው ጫካ ይመስልሻል፤ ስትጠጊ ማሳ ነው። ከጎኑ ጫቱንም ታያለሽ። ጫት በዓመት ብዙ ጊዜ ይሸጣል፣ ቡና አንድ ጊዜ ነው። የቡና ዋጋ በወረደ ቁጥር ቡናውን ነቅሎ ጫት የሚተክል ገበሬ አለ። ገበሬውን ስታገኚው ስለ እሱ ጠይቂው፤ ከማንም መጽሐፍ የተሻለ ይነግርሻል።

ልጅት፦ እሑድስ? አጋሮ ጠዋት የሴቶቹን ለቀማ አይተን ጅማ ተመለስን። ቤተ መንግሥቱን ቅዳሜ ባንደርስበት እሑድ ይሁን?

ጋሼ፦ እንዲያውም እሑድ ይሻላል። ጅሬን ከከተማው ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ኮረብታ ላይ ነው። ለጉብኝት ክፍት መሆኑን በዋዜማው ጠይቂ፤ መሐል ከተማ ያለውን ሙዚየምም እንዲሁ። ቤቱ የእንጨት ነው፤ በረንዳዎቹን በእጅሽ ዳስሻቸው እንጂ በስልክ ብቻ አትያቸው። ከዚያ ላይ ሆነሽ ቁልቁል ስታዪ ከተማው ያለበት ሜዳ፣ የሂርማታ ገበያ ጭምር ይታይሻል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ50 ዓመት በላይ ነግሠዋል። ለምኒልክ ያለ ጦርነት ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን አስጠበቁ፤ ጅማ በራሷ ንጉሥ የቆየችው እስከ 1924 ዓ.ም. ነው። አካባቢው በጦርነት ሲታመስ የጅማ ገበያ አልተዘጋም። የሂርማታን ገበያ ትልቅ ያደረገው ይኼ ነው።

ልጅት፦ ምን ይሸጥበት ነበር?

ጋሼ፦ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ማር፣ አሞሌ ጨው። ባሪያም ይሸጥ ነበር፤ አስጎብኚው ዘሎት ቢያልፍ አንቺ ጠይቂ። ያ ሁሉ ብልጽግና በዝባድና በቡና ብቻ አልመጣም። የገበያው ትልቁ ቀን ሐሙስ ነው፤ ዓርብ ለምትገቡ ያመልጣችኋል። ሐሙስ ማታ መግባት ከቻላችሁ ግን ቢያንስ የገበያውን መበተን ትደርሱበታላችሁ። ሙዚየሙ ውስጥ የንጉሡን ዕቃና መቀመጫ ታያላችሁ። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ልብ ብለሽ እዪው፤ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ነው፣ መገጣጠሚያና ሚስማር የለውም። እሱን መሸመት ከፈለግሽ ከተማው ውስጥ ከጠራቢዎቹ ግዢ።

ልጅት፦ ከመመለሳችን በፊት አንድ ሰዓት ቢተርፈን?

ጋሼ፦ ቦዬ። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ብዙ አይርቅም። ረግረግ ነው፤ ጉማሬ አለበት። ጠዋት በማለዳ ወይም ወደ ማታ ነው የሚታየው። ራቅ ብላችሁ እዩት፣ ፎቶ ብላችሁ ዳርቻው አትውረዱ። ጉማሬ ሰነፍ ይመስላል እንጂ አይደለም።

ልጅት፦ ቡና ገዝተን ብንመጣስ? መሥሪያ ቤት ያለው ሁሉ አዝዞኛል።

ጋሼ፦ ጥሬ ቡና በብዛት አትጫኚ፤ ኬላ ላይ ይፈተሻል፣ ኮንትሮባንድ ይሆንብሻል። ለቤትሽ የሚሆን ተቆልቶ የታሸገ ያዢ። ለመሥሪያ ቤቱ ኮረሪማና ማር አምጪላቸው፤ ኬላ ላይ አያጣሉሽም፣ ሽታቸውም ቢሮውን ሳምንት ያውደዋል። ሰው ቤት ቡና ከተጠራችሁ ደግሞ ባዶ እጃችሁን አትግቡ። አንድ ሁለት ኪሎ ስኳር ያዙ። አቦሉን ብቻ ጠጥታችሁ አትነሱ፤ ቶናና በረካ አለ። ለቸኮለ ሰው ያ አገር አይሆንም።

ልጅት፦ መቼ እንሂድ? እኔ ለነሐሴ ነበር ያሰብኩት፣ ዕረፍት ስላለን።

ጋሼ፦ ነሐሴ ላይ ጭቃ ነው የምታዪው። ጅማ የዝናብ አገር ናት፤ ማኅበሮቹም ማሽናቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ። ለቀማውን ለማየት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ሂዱ፤ ኅዳር ከሁሉ ይሻላል። አበባውን ለማየት ደግሞ የካቲትና መጋቢት። የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ጫካው ሁሉ ነጭ ይለብሳል፣ ሽታው መኪና ውስጥ ይገባል፤ ግን ጥቂት ቀን ነው፣ ይረግፋል። እሱን ጊዜ ለቦንጋና ለበለቴ አስቀምጪው። ሊሙን ደግሞ ለሌላ ዓመት።

ልጅት፦ እንግዲህ ወረቀቱ ላይ የቀረው ይኼ ነው። ኅዳር ላይ፤ ዓርብ በአውሮፕላን ጅማ፣ ማታ በእግር ከተማውን፣ እራት ከቆጭቆጫ ጋር። ቅዳሜ ጠዋት ማርቃ በልተን ቀስ እያልን በመልኮና በመና በኩል ጮጬ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ማኅበሩ ግቢ፣ አዳር አጋሮ። እሑድ ማለዳ የሴቶቹ ለቀማ፣ ከዚያ ጅሬን፣ ሙዚየሙ፣ ጊዜ ከተረፈ ቦዬ፣ በአውሮፕላን መመለስ። ቦንጋ፣ በለቴና ሊሙ ተሰረዙ።

ጋሼ፦ አሁን ጉዞ ሆነ። አንድ ነገር ብቻ ጨምሪበት። ለሚያስጎበኛችሁ ልጅ፣ ቡና ላፈላችላችሁ ሴት ሳትከራከሩ ክፈሉ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ አልጋው ላይ የምትለቅመው ሴት ሥራ ላይ ናት። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት በእጅ ይለቀማል። ያን ለቀማ አንድ ማታ ቆሞ ያየ ሰው፣ አዲስ አበባ ተመልሶ ለአንድ ስኒ ቡና ዋጋ አይከራከርም።